መክረምን የተወች ከተማ

በአገራችን የጥንት ሥርዓት ሰኔ ከገባ በኋላ ረጅም መንገድ የሚጀምር ሰው አስተዋይ አይባልም ነበር። ንጉሡ ዘመቻውን አቋርጦ በመናገሻው ወይም በደረሰበት አምባ ይከርማል፤ ሠራዊቱ ወደየቀዬው ተበትኖ፣ ጦሩን ከግድግዳ ሰቅሎ ሞፈርና ቀንበር ያነሣል፤ ሲራራ ነጋዴ ጭነቱን ከሞላው ወንዝ ወዲህ አራግፎ ውሃው እስኪጐድል ድረስ ከባላገር ቤት ይጠጋል፤ ዐባይንና ተከዜን የሚሻገር መልእክት እንኳ የመስቀልን በዓል ይጠብቃል። ድልድይ እጅግ ጥቂት በሆነበት አገር የወንዝ ሙላት የሚፈርደውን ፍርድ ትንሹም ትልቁም እኩል ይቀበለው ስለ ነበር፣ መክረም ለንጉሥም ለድኻም አንድ ዓይነት ግዴታ ነበረ።

ቤተ ክርስቲያንም ዘመነ ክረምትን ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ወስና፣ ዘርዕና ደመና ከሚባለው ከመጀመሪያው ክፍል ተነሥታ፣ መብረቅና ነጐድጓድ፣ ባሕርና አፍላግ፣ ጠልም የሚታሰቡበትን ከሐምሌ 19 ቀን እስከ ነሐሴ 9 ቀን ያለውን ጊዜ አልፋ፣ እስከ ጎሕና ነግህ፣ እስከ ብርሃንና መዓልት ድረስ በማሕሌት ታደርሰዋለች። ሊቃውንቱ በቅኔ ማሕሌት ቆመው የአፍላግን ምስጋና ሲያደርሱ፣ ምእመኑ ያው የሚመሰገነው ወንዝ ስላልጐደለለት በደጁ ተቀምጦ ይሰማ ነበር፤ ዜማውና ኑሮው በዚህ ረገድ አልተለያዩም ነበር።

የአዲስ አበባን የመኪና ታሪክ የሚያወሱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያይቱን መኪና፣ የመጀመሪያውን ነጂና የመጀመሪያውን አስፋልት በመቍጠር ይጀምራሉ። ቍጥሩ መልካም ነው፤ እኔም ከዚህ በታች ጥቂቱን አነሣለሁ። ነገር ግን ከመኪናው መምጣት ይልቅ ለሕዝቡ ኑሮ የበለጠ ለውጥ ያመጣው፣ በመኪናው ምክንያት ሰው በክረምት መቀመጥን መተዉ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በሐምሌ ጧት በየአደባባዩ የምናየው መተረማመስ፣ በየሆስፒታሉ ደጃፍ የምንሰማው ልቅሶ፣ መነሻው ከዚያ ነውና።

ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍል ውሃ ወርደው ቤት ካሠሩ ወዲህ ስትቈረቈር፣ የጦር ሰፈርን ሥርዓት ይዛ ቆመች። በየኮረብታው ላይ መኳንንቱ ከነጭፍሮቻቸው ሰፈሩ፤ በኮረብታውና በኮረብታው መካከል ያለውን ሸለቆ ደግሞ ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔ፣ ባንተ ይቀጡና ሌሎችም ወንዞች ያዙት። በበጋ ሕፃን ልጅ ዘሎ የሚሻገረው ውሃ፣ በሐምሌ ከሰዓት በኋላ እንጦጦ ላይ ሲጥል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንጋይ እያንከባለለ የሚወርድ ጐርፍ ይሆናል። ይህም የሆነው ምድሪቱ ቍልቍለት ስለ ሆነች ነው፤ የእንጦጦ ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፣ አቃቂ ግን ወደ 2,100 ሜትር ግድም ዝቅ ብላ ትገኛለች፤ በሁለቱ መካከል ያለውም ርቀት የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ያህል ነው። ስለዚህ በድሮዋ አዲስ አበባ በክረምት ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ሰፈር መሄድ ከአገር ወደ አገር እንደ መሄድ ነበረ። መኰንኑ በርኖሱን ደርቦ በበቅሎ፣ ድኻው ገሳውን ለብሶ በእግሩ፣ ሁለቱም ከወንዙ ዳር ደርሰው ውሃው እስኪያልፍ አብረው ይቆሙ ነበር።

አፈሩም ሁለት ዓይነት ነው። ከእንጦጦ ሥር ያለው ቀይ አፈር ሲዘንብበት ያንሸራትታል፤ ወደ ቦሌና ወደ አቃቂ ያለው ዋልካ ግን ይውጣል። ዋልካ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በላዩ የተሠራ ግንብም ሆነ የተነጠፈ ጐዳና በየዓመቱ ከሥሩ ይነሣል፣ ይወርዳልም። ይህን ጠባዩን ገበሬው ከብዙ ዘመን በፊት ዐውቆት ነበር፤ መሐንዲስና ነጂ የተማሩት ግን በብዙ ወጪና በብዙ ጕዳት ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ለሥልጣኔ ካደረባቸው ፍቅር የተነሣ መንገድ ማሠራት የጀመሩት መኪና ከመምጣቱ በፊት ነው። ምድር ባቡሩ ገና ከድሬዳዋ ባላለፈበት ዘመን፣ አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን በእንፋሎት የሚሠራውን የመንገድ መዳመጫ በረሓውንና ዳገቱን አሻግሮ ለንጉሠ ነገሥቱ አመጣላቸው፤ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» አለው። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ቤንትሊ ሲድሊ የተባለችውን መኪና ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ እየነዳ አዲስ አበባ አስገባ፤ ከእርሱም ጋራ ተከታትሎ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስ የራሱን መኪና ይዞ ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ በአዲሱ ነገር እጅግ ተደሰቱ። የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ግን የበጋ ፍጥረቶች ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ጠጠር የለበሰው መንገድ በጣት የሚቈጠር፣ ድልድዩም ጥቂት በነበረበት ከተማ፣ ጐማዋ ቀጭን፣ ጕልበቷ ከዛሬይቱ መኪና ጋራ የማይወዳደር አውቶሞቢል በሐምሌ ጭቃ ውስጥ ምን ታደርግ እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም። በእነዚያ ዓመታት መኪናም እንደ ሰው ትከርም ነበር።

መንግሥቱም ታላላቅ ጕዳዩን በክረምት ላይ አይቀጥርም ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የዋለው፣ መሬቱ ጠንክሮ ሰማዩ በጠራበት ወራት ነው፤ ለበዓሉ ሲባልም የከተማይቱ መንገዶች ተጠግነዋል፣ ከባሕር ማዶ ለመጡትም እንግዶች ብዙ መኪና ተሰልፏል። ከአምስት ዓመት በኋላ ፋሺስት ኢጣሊያ፣ በዚያን ዘመን አፍሪካ አይታው የማታውቀውን የመኪናና የአውሮፕላን ብዛት አከማችቶ ሳለ፣ የመረብን ወንዝ የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር፤ ሞሶሊኒ የቸኰለውን ያህል ቢቸኵልም የኢትዮጵያ ክረምት እስኪወጣ መጠበቅ ግድ ሆኖበታል።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም መኪናና ክረምት በግልጽ የተፋለሙት በዚያ ዓመት ነውና። ሚያዝያ 18 ቀን ከ1,500 የሚበልጥ መኪና የያዘው የማርሻል ባዶሊዮ ሠራዊት ከደሴ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ጕዞ ጀመረ። መኪናዎቹ ጣርማበር ዳገት ሲደርሱ ወገኖቻችን መንገዱን አፍርሰውት፣ ዝናቡም ጭቃ አድርጎት ስለ ነበር፣ ያ ሁሉ ሞተር በአንድ ገደል አፋፍ ላይ ቆመ፤ ወታደሩም ወርዶ ድንጋይ እየተሸከመ፣ ካሚዮኑን በትከሻው እየገፋ ለማሳለፍ ተገደደ። አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ዋናው ክረምት መጣ። ከደሴ የሚመጣው መንገድ ለከባድ መኪና የማይሆን ጭቃ ሆነ፤ በከተማይቱ ውስጥ ያለው የጠላት ጦር ስንቅና ጥይት በምድር የሚያገኘው በጅቡቲው ባቡር ብቻ ሆኖ ተከበበ። አርበኞቹ ይህን ዐውቀው ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማይቱን ወጉ፤ በዚያ የሙላት ወራት ከየአቅጣጫው የመጣው ጦር በአንድ ሰዓት ሊገናኝ ስላልቻለ ግን ድሉ ሳይፈጸም ቀረ፤ በማግሥቱም ሰማዕቱ ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ በአደባባይ በጥይት ተደበደቡ። ክረምት ለአገሩ ልጅም አያዳላም፤ ነገር ግን በዚያ ዓመት መኪናን በመሰለ ኃይል ተመክቶ የመጣውን ባዕድ ለሦስት ወር ያህል ከከተማ ቅጥር ውስጥ አስሮ ማክረሙን የታሪክ ጸሓፊዎቻችን ከዚህ የበለጠ ቢያስታውሱት ደስ ይለኝ ነበር።

ጠላት ከዚህ የተማረው ትምህርት በድንጋይ ተጽፎ ቀርቷል። በቀሩት ዓመታት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴና ወደ አሥመራ፣ ወደ ጅማ፣ ወደ ሐረር ያለውን መንገድ ጠጠርና ሬንጅ አነጠፈበት፤ ከጐንና ከጐኑ ቦይ ቈፈረለት፣ ከሥሩ ቱቦ አሳለፈለት። ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው ጫፍ ተራራውን ፈልፍሎ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ዋሻ አወጣበት፤ ያ ሠራዊት በጭቃ የቆመበት ዳገት መሆኑን ያስታውሷል። ዓላማው ለእኛ ደኅንነት አልነበረም፤ ሠራዊቱ በክረምትም እንዲንቀሳቀስ ነው። ሆኖም በ1933 ዓ.ም. ነፃነታችን ሲመለስ፣ መንገዱና ከጠላት የተማረኩት ካሚዮኖች፣ ከሞተሩም ጋራ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፍሬቻ፣ ጐሚስታ የሚሉት ቃላት ለእኛ ቀሩ። የአዲስ አበባ የሕዝብ አውቶቡስም ሥራውን የጀመረው ከነፃነት በኋላ በነዚያው ዓመታት ነው። በ1943 ዓ.ም. ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአውራ ጐዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ከዚያ ወዲህ በክረምት መንገድ ክፍት ሆኖ መቈየቱ የመንግሥት ኀላፊነት ሆነ። መክረም በሕግ ባይሻርም በሥራ የተሻረው ያን ጊዜ ነው።

በዚህ ዘመን አንድ አዲስ ሙያ ተወለደ፤ እርሱም የረዳትነት ሙያ ነው። ፊያት ኤንትሬ የሚባለው ካሚዮን ጭነቱን ተሸክሞ በክረምት የዐባይን በረሓ ወይም የጣርማበርን ዳገት ሲወጣ፣ ሾፌሩ መሪውን ይዞ ከፊት ሲቀመጥ ረዳቱ ታኮውን ይዞ ከኋላ ይንጠላጠላል። ሞተሩ ሲደክም፣ ጐማው በጭቃው ላይ ሲሸረተት፣ ፍሬኑም እምቢ ሲል፣ ያ ልጅ ዘሎ ወርዶ ታኮውን ከኋለኛው ጐማ ሥር ይወሽቃል፤ በዚያች ቅጽበት እግሩ ቢያዳልጠው ወይም ታኮው ድንጋይ ላይ ቢንሸራተት ካሚዮኑ ከነጭነቱ ገደል ይገባል፣ እርሱም በጐማው ሥር ይቀራል። ጉም ሲበረታ መብራት ከዐሥር ርምጃ በላይ አያሳይምና ረዳቱ በእግሩ እየቀደመ የመንገዱን ጠርዝ ለሾፌሩ ያመለክታል። ሲደርሱም ዕረፍት የለውም፤ ውሃ ይቀዳል፣ ጐማ ይፈታል፣ ከጭነቱ ላይ በሸራ ተሸፍኖ ያድራል። ደመወዙ ጥቂት ነበር፤ ተስፋው ግን አንድ ቀን ሾፌሩ መሪውን እንዲይዝ ይፈቅድልኛል የሚል ነው፤ የኢትዮጵያ የድሮ ሾፌሮች ብዙዎቹ ትምህርታቸውን የጨረሱት በዚህ መንገድ ነበር። የአገራችን የንግድ ታሪክ የነጋዴዎቹን ስም ይዞ የነዚህን ልጆች ውለታ መዝለሉን እንደ ጕድለት እቈጥረዋለሁ።

ሾፌሮቹ እግዚአብሔርን ፈሪዎች ነበሩ፤ ዛሬም ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው። በየመንገዱ ዳር የቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የሚለምኑ ካህናትና ምእመናን የተጠለፈ ጃንጥላ ዘርግተው ሥዕለ ማርያምን ወይም ሥዕለ ገብርኤልን ይዘው ሲቆሙ፣ ነጂው ፍጥነቱን ቀንሶ ሳንቲም ይወረውራል፣ ያማትባል፣ ያልፋል። አንዳንድ የተማሩ ሰዎች ይህን ልማድ እንደ ጨለምተኝነት ሲያዩት ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን ከገደሉ አፋፍ በፊት ነጂን እግሩን ከነዳጅ ላይ የሚያስነሣውን ማንኛውንም ነገር አልነቅፍም።

በከተማው ውስጥ ደግሞ ዳገቱንና ጭቃውን ሁለት ትናንሽ መኪናዎች ድል አደረጉት። ቮልስዋገንና ፊያት ሴይቼንቶ ሁለቱም ሞተራቸው ከኋላ፣ ከሚያሽከረክሩት ጐማዎች በላይ ነው፤ ስለዚህ ክብደቱ ጐማውን ወደ መሬት ስለሚጫነው በሚያንሸራትት ዳገት ላይ ከብዙ ትላልቅ መኪናዎች የተሻሉ ነበሩ። ቮልሷ በተለይ የምትቀዘቅዘው በነፋስ ነው እንጂ በውሃ አይደለም፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ ከመቶ ዲግሪ በታች በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ የሌላው መኪና ራዲያተር ዳገት ላይ ሲጤስ እርሷ አንድም ጠብታ ሳትጠይቅ ትወጣለች። ሴይቼንቶዋም ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ በታክሲነት ስታገለግል ሰው ከመርካቶ ወደ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ወደ ሽሮ ሜዳ በሐምሌ ዝናብ ውስጥ እግሩ ሳይረጥብ መድረስን ለመጀመሪያ ጊዜ ተማረ። የከተማው ሰው ክረምትን መናቅ የጀመረው በነዚህ ትናንሽ መኪናዎች ውስጥ ተቀምጦ ሳይሆን አይቀርም።

ሕግ አውጪው ግን አልናቀም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2081 ባለ መኪናው መኪናው ላደረሰው ጕዳት፣ ያልተፈቀደለት ሰው ነድቶትም ቢሆን እንኳ፣ ኀላፊ ነው ይላል። በቍጥር 2084 ሁለት መኪናዎች ሲጋጩ ለአደጋው ሁለቱም እኩል ምክንያት እንደ ሆኑ ይገመታል። ከሁሉም ይልቅ የሚያስደንቀኝ ቍጥር 2086 ነው፤ ባለ መኪናው ጥፋት አልሠራሁም፣ የጕዳቱ ምክንያት አልታወቀም፣ ላስቀረው ከችሎታዬ በላይ ነበር ብሎ ማምለጥ አይችልም፤ የሚያድነው የተጐጂው ራሱ ጥፋት ብቻ ነው። እንግዲህ ዝናቡ ዐይኔን ጋረደው፣ ጭቃው ጐማዬን አንሸራተተው፣ ፍሬኑ በውሃ ረጥቦ አልያዘም የሚለው ሁሉ ሰሚ የለውም። አባቶቻችን ወንዝ ሲሞላ ቤታቸው ይቀመጡ ነበር፤ ሕጉም ቤቱ መቀመጥን ትቶ በክረምት መንገድ የወጣውን ሰው፣ የወጣህበትን ዕዳ አንተው ተሸከም ይለዋል። ሕግ አርቃቂዎቹ ይህን አስበውም ይሁን ሳያስቡት፣ የጥንቱን ልማድ ፍሬ ነገር በአንቀጽ ውስጥ ያስቀመጡት ይመስለኛል። የሦስተኛ ወገን መድን ለሁሉም ባለ መኪና ግዴታ የሆነው ግን እጅግ ዘግይቶ፣ በ2000 ዓ.ም. በወጣው በዐዋጅ ቍጥር 559 ነው፤ በመካከሉ ባለፉት ዐርባ ስምንት ዓመታት ስንት ድኻ ተጐጂ ከድኻ ሾፌር ጋራ በሽምግልና ተቃቅፎና አልቅሶ፣ ካሳ ሳያገኝ እንደ ተለያየ ከተማው ያውቀዋል።

የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ የመንገድ ሥርዓቷን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወረች። ስዊድን ያንኑ ለውጥ ያደረገችው ከእኛ በኋላ፣ በ1959 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በግራ መሄድን የለመደ ነጂ በአንድ ጧት ተነሥቶ በቀኝ መሄድ ነበረበት፤ እግረኛውም መንገድ ሲያቋርጥ በመጀመሪያ ወደ ቀኝ ማየትን ትቶ ወደ ግራ ማየትን መልመድ ነበረበት፤ በሩ በግራ ጐኑ የተሠራ አውቶቡስ ሁሉ ሰውን ወደ መንገዱ መካከል የሚያወርድ ሆነ። ይህን ሁሉ ሥራ የተሸከመው ሰኔ ነው። ልማድን ለመለወጥ ከዓመቱ ወራት ሁሉ ከባዶቹ በፊቱ ተደርድረው ሳለ ከተማይቱ ሥራውን መጀመሯ፣ ከንጉሥ እስከ ነጋዴ ሰኔ ሲገባ ጕዞ ይቋረጥበት ከነበረው ዘመን ምን ያህል እንደ ራቀች ያሳያል፤ መኪና ከገባ ገና 56 ዓመቱ ነበር።

አሁን ደግሞ ያለንበትን እንይ። የመጀመሪያው ዝናብ ከሁሉ ይከፋል፤ በበጋው ወራት በአስፋልቱ ላይ የተከማቸው ዘይትና አቧራ ከውሃ ጋራ ተዋሕዶ መንገዱን ይቀባዋልና፣ ልምድ ያለው ነጂ በሰኔ መጀመሪያ ካፊያ ላይ ከነሐሴ ዶፍ ይልቅ ይጠነቀቃል። ቀጥሎ ጐድጓዱ ይመጣል። ዋልካው ከሥር ሲያብጥ አስፋልቱ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ ካሚዮን ይረግጠዋል፣ ጐድጓድ ይሆናል፤ ጐርፍ ሞልቶበት ሜዳ ሲመስል የማያውቅ ነጂ ባሊስትራውን ይሰብርበታል። ክዳኑ የተወሰደበት የቱቦ ጕድጓድ በጐርፍ ሲሸፈን ግን ሰው ይበላል። ቦዩ በበጋ የቆሻሻ መጣያ ሆኖ ይቈይና ውሃው የራሱን መንገድ ሲያጣ የሰዉን መንገድ ይይዛል፤ የቀለበት መንገዱ መሹለኪያዎች ውሃ አቍረው መኪናዎች በውስጡ ሞተራቸው ጠፍቶ ሲቆሙ ማየት የተለመደ ነው። ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም የሚለውም ብሂል ለነጂ አያገለግልም፤ የአዲስ አበባ ሰማይ ከፍልሰታ በኋላም ጳጉሜን እስኪያልፍ ድረስ ያፈስሳል።

ሁለት መኪናዎች የተጋጩ እንደ ሆነ፣ ግጭቱ ፍሬቻ ከመስበር ያላለፈ ቢሆንም፣ ሁለቱም ባለቤቶች መኪናቸውን ከቆመበት ሳያነቃንቁ ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን እስኪያነሣ ይጠብቃሉ። ዝናቡ በላያቸው ይወርዳል፤ ከኋላቸው እስከ ሜክሲኮ ወይም እስከ ስድስት ኪሎ ድረስ መኪና ይሰለፋል፤ አምቡላንስ በመካከሉ ትጮኻለች። የቆመውን መኪና የሚገፉ፣ በጐርፉ መካከል ድንጋይ ደርድረው ሰው የሚያሻግሩ ጐረምሶች ግን ወዲያው ከየት እንደ መጡ ሳይታወቅ ይደርሳሉ፤ ጥቂት ብር ይቀበላሉ፤ አሮጊት ከሆነች ሳይቀበሉ ያሻግራሉ። ሊስትሮውም ጣሳ ውሃውን ይዞ ከበረንዳ ሥር ጭቃ ያጥባል። በጥንቱ የቀበና ዳር መኰንኑንና ድኻውን አብሮ ያቆማቸው የነበረው ውሃ፣ ዛሬ በዚህ መልክ ሰውን ለጥቂት ደቂቃ ያገናኘዋል፤ ይህንንም በከተማችን ካሉት መልካም ነገሮች አንዱ አድርጌ እቈጥረዋለሁ።

ነገር ግን የሚያሳዝነኝን ሳልናገር አላልፍም። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞተው ሰው አብዛኛው እግረኛ ነው። እግረኛው በክረምት የእግር መንገዱ ጐርፍ ሲይዘው ወደ አስፋልቱ ይወርዳል፤ ጃንጥላውን ወደ ፊት አዘንብሎ ስለሚሄድ የሚመጣውን አያይም፤ የዝናቡ ድምፅ የሞተሩን ድምፅ ይሸፍንበታል፤ ነጂው ደግሞ መስተዋቱ በእንፋሎት ታፍኖበት በመዳፉ እየጠረገ ይነዳል። በዚህ ጊዜ ከፍጥነቱ የማይቀንስ፣ ይባስ ብሎም ለሥራ ወይም ለቅዳሴ ነጭ ለብሳ በምትሄድ ሴት ላይ የጐድጓድ ውሃ እየረጨ የሚያልፍ ሰው፣ በደረቀ ልብስና በሞቀ ወንበር ላይ መቀመጡ ከወንድሙ እንዳልለየው ማሰብ ይገባው ነበር። ጭቃ የሚረጭ ሰውና ሰው የሚገጭ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው፤ የሚለያቸው የአንድ ክንድ ርቀት ነው።

የጥንቱ የመክረም ሥርዓት ፈጽሞ አልጠፋም፤ በመንግሥት ሥራ ውስጥ በከፊል ይኖራል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰኔ 30 ቀን ተዘግቶ በመስከረም መጨረሻ ሳምንት ይከፈታል። ተማሪ ቤቶች ይዘጋሉ፤ በመዘጋታቸውም ልጆቹ ሜዳ ባጣው ከተማ በየመንገዱ ላይ ኳስ ይጫወታሉና፣ ነጂ በሐምሌና በነሐሴ ኳስ ሲንከባለል ካየ ከኋላዋ ልጅ እንደሚሮጥ ማወቅ አለበት። ፍርድ ቤቶችም ከአስቸኳይ ጕዳይ በቀር ከነሐሴ መባቻ እስከ መስከረም መጨረሻ ያርፋሉ። መንገዱ ግን አያርፍም፤ በሐምሌ መጨረሻ በዝናብ መካከል ተገጭቶ እግሩ የተሰበረ የቀን ሠራተኛ፣ በቍጥር 2081 መሠረት ካሳውን ለመጠየቅ ክሱን ይዞ ቢመጣ፣ መደበኛው ችሎት እስኪከፈት ድረስ ጥቅምትን ይጠብቃል።